ስሙ ያው የሆነ ዱቄት

ሰኔ 3

ዝናብ። የላብራቶሪው መስኮት አይገጥምም፤ ጨርቅ ወትፌበት ዋልኩ። ዘጠኝ ናሙና አየሁ፣ ሁሉም ደህና። ለነፍሰ ጡሮች የምናመርተው የብረት ዱቄት ብቻ ነው የሚያስቸግረው። እርጥበት ሲነካው ይጓጉላል፤ ጣሳው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ማላቀቂያ የምንጨምርበት። ከመቶ አንድ ተኩል፤ ከሁለት አያልፍም። ጣሳው ላይ በክብር ስሙ ተጽፏል፣ ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ። እኛ ግን ማላቀቂያ ነው የምንለው። ምላስ አይሰብርም።

ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ጭጋግ ከማደባለቂያ ክፍል ወጣ። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከረጢት እየገለበጠ የኖረ ሰው ነው፤ ይሄን ስም ማን እንዳወጣለት ራሱም አያውቅም። "ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ አረጀሁ" አለኝ ፀጉሩን እያራገፈ። ሳቅን። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሰኔ 6

ታናሼ ደወለች። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ደምሽ አንሷል ተብላ ብረት ታዞላታል፤ የእኛን ዱቄት ራሴ ነኝ የማደርስላት። አቁማዋለች!

"ለምን?"

"አሸዋ አለበት አሉ።"

"ማን አለ?"

"አንድ ሰውዬ... ስልክ ላይ። ጣሳውን ይዞ ያነብባል። ሲሊኮን ምናምን ማለት አሸዋ ማለት ነው አለ።"

"ሥራው ምንድን ነው ሰውዬው?"

"ሐኪም መሰለኝ... ነጭ ለብሷል።"

ነጭ ለብሷል! ጋሽ ጭጋግም ነጭ ይለብሳል።

ስልኩን ዘግቼ ቪዲዮውን ፈልጌ አየሁት። ሰባት ደቂቃ። ሰባቱንም ደቂቃ ደሜ ሲፈላ ነበር። መጨረሻ ላይ ምን ያደርጋል? የራሱን እንክብል ይሸጣል። ቆይ፣ የኔዋስ? ሰባት ዓመት እዚያው ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ታላቅ እህት እያላት፣ ለማታውቀው ሰውዬ ጆሮ ትሰጣለች?

ሰኔ 8

ቤቷ ሄድኩ። እግሯ አብጧል፣ ትራስ ላይ ሰቅላዋለች። የዓይኗን ሥር ገልቤ አየሁት። እንደ ወረቀት ነጭ። ያን ሰውዬ በዚያች ሰዓት ባገኘው...

ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። መዋሸት አልፈለግኩም። "እውነት ነው፣ አሸዋም የተሠራው ከዚያው ነገር ነው" አልኳት። "የእኛ ግን ለምግብ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ተጣርቶ፣ ተመርምሮ፣ እንደ ጭስ ቀልሎ። በተፈጥሮው እህል ውስጥም አትክልት ውስጥም ውኃ ውስጥም ትንሽ ትንሽ አለ። አብዛኛው ሆድ ገብቶ እንደገባ ይወጣል። የምትውጪው ኪኒን ሁሉ፣ ሾርባ ላይ የምትነሰንሽው ቅመም እንኳ፣ እንዲህ ያለ ማላቀቂያ አያጣውም።"

"ታዲያ ለምን ዝም ብለው አይተዉትም?"

"ቢተዉትማ ይጓጉላል። ዛሬ በማንኪያ ብዙ ብረት ትወስጃለሽ፣ ነገ ምንም። እሱ ይሻልሻል?"

አሰበች። ሆዷን እያሻሸች አሰበች።

"እንደማይጎዳኝ ማዪልኝ።"

"እማዬ ትሙት!"

ሳቀች። "እሺ በቃ፣ በእማዬማ ከማልሽ።"

ሰኔ 11

አዲስ ማላቀቂያ ገባ። አርባ ከረጢት። አቅራቢው ሌላ ነው፤ የድሮው ዕቃ ወደብ ላይ ቆሟል አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሰርተፍኬቱን ራሱ ይዞልኝ መጣ። "ማሽኑ ቆሟል፣ እባክሽ ቶሎ በይልን።" አነበብኩት። ደህና ነው። ፈረምኩ።

ሰኔ 15

አዲስ ጣሳ ወሰድኩላት። ትናንት የታሸገ፣ ትኩስ። ፊቴ በጥብጣ ጠጣች። "ይኸው፣ ደስ አለሽ?"

ደስ ብሎኛል። ለምን እዋሻለሁ።

ሰኔ 22

የቪዲዮው ሰውዬ አሁን ደግሞ በጨው ጀመረ። ስልኬን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝ።

ሰኔ 27

ጋሽ ጭጋግ ላብራቶሪ መጣ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በሩን አልፎ አያውቅም፤ ወለሉን አቆሽሻለሁ ይላል። ዛሬም ደፉ ላይ ቆመ።

"ልጄ፣ ይሄኛው አይንሳፈፍም።"

"ምኑ?"

"ማላቀቂያው። የድሮው ከረጢቱን ስትከፍቺው ብድግ ይላል። እስኪረጋ ድረስ ቆመሽ ትጠብቂዋለሽ። ይሄ ግን ዱብ ነው የሚለው። ጉሮሮዬን ደግሞ ይፍቀኛል።"

ሳለ። ደረቅ፣ የማያቆም ሳል። መሀረቡን ሲያጥፈው አየሁት። ቀጭን የደም መስመር። ማስክህስ አልኩት። ከኪሱ አወጣ። የወረቀት ማስክ፣ ታጥቦ የደረቀ።

"ማን ሰጠህ?"

"ከቤት ነው።"

ናሙና አስመጥቼ ወንፊት ላይ አደረግኩት። የድሮው አንድም ሳይቀር ነበር የሚያልፈው። የዚህ ግማሹ ቀረ። ትንሽ ምላሴ ላይ አኖርኩ... ጥርሴ መሀል ቀጭ አለ።

ሰኔ 28

መጋዘን ገባሁ። ጣሪያው ያፈስሳል፤ አንዱ ከረጢት ርሶ የተለጠፈበት ወረቀት ግማሹ ተልጧል። ቀሪውን እኔ ላጥኩት። ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ አለ፣ ከረጢቱ ላይ የታተመ።

ለቀለምና ለማጣሪያ ሥራ ብቻ። ለምግብ አይውልም። ብናኙን አይተንፍሱ።

ሁለተኛውን ላጥኩ። ሦስተኛውን። ሁሉም ላይ አለ።

አርባ ነበሩ። የቀሩት አሥራ አንድ ናቸው። ሃያ ዘጠኙ ተገልብጧል፣ ተደባልቋል፣ ታሽጓል። እኔ ፈርሜበታለሁ። እህቴ ጠጥታዋለች።

እዚያው መጋዘን ውስጥ ቆሜ ደወልኩላት።

"ዱቄቱን አቁሚ።"

"ምን?"

"የሰጠሁሽን። አሁኑኑ አቁሚ። ጣሳውን እንዳትጥዪው፣ አስቀምጪልኝ።"

ከኋላዋ ሬዲዮ ይሰማል።

"ማልሽልኝ እኮ" አለች። ዘጋችው።

ሰኔ 29

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። የላጥኩትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አላነሳውም። አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እንደምመጣ ያውቅ ነበር!

"ስሙ ያው ነው" አለ። "ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ። ሰርተፍኬቱ ላይም እሱ ነው፣ ጣሳው ላይም እሱ ነው።"

"ሰርተፍኬቱ የዚህ ዕቃ አይደለም።"

"ለሠራተኛው ሁሉ 'አይጎዳም' ብለሽ ስታስረጂ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"የምግቡ ነው የማይጎዳው! ይሄ የቀለም ነው። ምን እንዳለበት አናውቅም። ያልተመረመረ ነገር ነው!"

"ከመቶ አንድ ተኩል ለሚሆን ነገር ነው ይሄ ሁሉ? ዝናቡ እስኪያባራ፣ የኛው ዕቃ ከወደብ እስኪወጣ ነው። ማሽኑን ላቁመው? ሰዉን ቤቱ ልስደደው? ተረጋጊ፣ እህቴ።"

ተረጋጊ! ምላሴ ላይ ስንት ነገር መጣ። "እርስዎ" የሚለው ቃል አንቆኝ እንደምንም ወጣ።

"ባለቤትዎ እርጉዝ ቢሆኑ ይሰጧቸዋል?"

ትንሽ እንኳን አላሰበበትም።

"እሷ ዱቄት አትወስድም።"

ወጣሁ። በሩን ዘግቼው ይሁን ገንጥዬው አላስታውስም።

ሰኔ 30

የምግብ ቁጥጥር ቢሮ። መነጽር ያደረገ ሰውዬ።

"ቅሬታ ነው ወይስ ጥቆማ?"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

"ቅጹ ይለያያል።"

ጮህኩበት። ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ዞረው አዩኝ። ይዩኝ! ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ያመጣሁትን ናሙና ወደኔ ገፋው። "ይሄን መቀበል አልችልም። ከፍታችሁታል። እኛው ራሳችን መጥተን ካልተከፈተው ከረጢት መውሰድ አለብን።"

"መቼ?"

"ደብዳቤው ሲፈረም። ነገ፣ ቢዘገይ ከነገ ወዲያ።"

ነገ! እስከ ነገ አሥራ አንዱም ከረጢት ይጠፋል። ለጋሽ ጭጋግ ደውዬ ነገርኩት። "ደብዳቤው ይፈረም፣ ከረጢቱን ለእኔ ተዪው" አለኝ። ምን ሊያደርግ ነው? አልጠየቅኩትም።

ሐምሌ 1

ያደረገው ይሄ ነው። ጠዋት ገባ፣ አሥራ አንዱን ከረጢት ደራርቦ አናቱ ላይ ወጣና ተቀመጠ። "ዛሬ አልገለብጥም። ማንም አይገለብጥም" አለ። ሥራ አስኪያጁ መጣ፣ ለመነ፣ ቀጥሎ አስፈራራ። ጋሽ ጭጋግ የምሳ ዕቃውን ከፍቶ መብላት ጀመረ። ጥበቃዎቹን ጠራ፣ አውርዱት ብሎ አዘዛቸው። ጥበቃዎቹ ተያዩ። አንደኛው፣ "ጋሼ ውኃ ላምጣልህ?" አለው።

ስምንት ሰዓት ላይ የቁጥጥሮቹ መኪና ግቢ ገባች። መነጽራሙም አለ። አሥራ አንዱም ከረጢት ታሸገ። ጋሽ ጭጋግን ደግፈው አወረዱት፤ እግሩ ደንዝዟል፣ ሳሉ አላስወራው አለ። በእጁ ብቻ ሰላም አለኝ።

ሐምሌ 2

የእግድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የድርጅቱን ምስጢር በማውጣት። ምስጢር!

ሐምሌ 9

ታናሼ ስልክ አታነሳም። ባሏ ነው የሚያነሳው። "ተኝታለች" ይለኛል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ።

ሐምሌ 20

ውጤቱ ወጣ። ማላቀቂያው ውስጥ እርሳስ ተገኘ፤ ለምግብ ከተፈቀደው ብዙ እጥፍ። ብናኙ ደግሞ ከሳንባ የማይወጣ፣ የድንጋይ ብናኝ አለበት። ፋብሪካው ታሸገ። ጣሳዎቹ ከየሱቁ እንዲሰበሰቡ ታዘዘ።

ልደሰት ነው? ሰኔ 11 የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንድ ከረጢት ብከፍት ኖሮ። አንድ!

ሐምሌ 23

ታናሼን ለደም ምርመራ ይዣት ሄድኩ። እማዬ አስታርቃን ነው፣ ያውም በግድ። እማዬ መሀላችን ተቀምጣ፣ "እርሳስ ተገኘ የምትሉት የሚጻፍበትን ነው? ልጅ ሳለች ስታኝከው አልነበር?" አለች።

"እሱ አይደለም እማዬ። እርሳስ የሚባል ማዕድን ነው። መርዝ ነው፣ ለጽንስ ደግሞ የባሰ።"

ታናሼ መስኮቱን ታያለች።

ሐኪሟ ወረቀቱን አነበበች። በደሟ ውስጥ እርሳሱ ትንሽ ከፍ ብሏል። ብዙ አይደለም፤ የወሰደችው ሁለት ሳምንት ስለሆነ። ክትትል ያስፈልጋል።

"ከዱቄቱ ነው?" አልኩ።

"ከዱቄቱ ይሁን፣ ከድሮ የቤት ቀለም ይሁን፣ ከውኃ ቧንቧ ይሁን... በዚህ ብቻ ማወቅ አይቻልም።"

ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የሚጠየቅ የለም ማለት ነው? ታናሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኔ ዞረች። "አንቺ ታውቂያለሽ አይደል?"

"አላውቅም" አልኳት።

ነሐሴ 2

ሰውዬው አዲስ ቪዲዮ አወጣ። "አላልኳችሁም?" ይላል። አላለም! የተናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። እሱ ሁሉም ማላቀቂያ መርዝ ነው አለ፤ መርዙ የነበረው ወረቀት ተለጥፎበት የገባው የቀለም ከረጢት ውስጥ ነው፣ ሌብነቱ እሱ ነው። በጭፍኑ ድንጋይ ወረወረ፣ እኛ ራሳችን ሄደን ግንባራችንን ሰጠነው። አሁን ማን ያምነኛል? ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት አነበብኩ። አንዷ "ኪኒኔን ሁሉ ጣልኩ" ብላለች። የስኳር በሽተኛ ናት።

መልስ ጻፍኩላት። ረጅም። ከስምንት ደቂቃ በኋላ ሰውዬው አጠፋው። እንደገና ጻፍኩ። አጠፋው። አምስት ጊዜ።

ነሐሴ 9

ጋሽ ጭጋግን ሐኪም ቤት ጠየቅኩት። ትራሱን ከፍ አድርጎ ነው የሚተኛው። ራጅ ተነስቷል። ሐኪሙ፣ "ይሄ በሦስት ሳምንት የመጣ አይደለም። የቀለሙ ዱቄት አባባሰው እንጂ የዓመታት ነው" አለኝ።

የዓመታት። ምግብ የሚሆነውም ማላቀቂያ ለሆድ ነው የማይጎዳው፤ ለሳንባም አይጎዳም ያለ ማን ነው? ብናኝ ብናኝ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከመቶ ስንት እንደገባ ለካሁ። ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለተኛው አሃዝ ለካሁ! የዚያን ክፍል አየር ማን ለካው? ሥራ አስኪያጁን መስደብ ቀላል ነው። እኔስ? ከዚያ ክፍል ነጭ ሆኖ በወጣ ቁጥር አብሬው ስስቅ ነበር እኮ።

ነገርኩት። ሁሉንም። እጄን ያዘኝ።

"እኔም ስቄያለሁ" አለ።

"አንተ አታውቅም ነበር።"

"አንቺስ መች አወቅሽ። ደግሞ ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ተናድጃለሁ። ትንፋሽ ስላነሰኝ ነው የማልጮኸው። አንቺ ጩኺልኝ።"

መስከረም 12

ወለደች። ሴት ልጅ። ትንሽ ናት፣ ግን ድምጿ... ኮሪደሩን አናወጠችው። ለሕፃኗም የደም ምርመራ ተደረገላት። ለጊዜው የሚያሰጋ ነገር የለም፣ በየሦስት ወሩ አምጧት አሉ። "ለጊዜው" የሚለውን ቃል ጠላሁት።

ታናሼ ሕፃኗን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ጥቅምት 18

የጋሽ ጭጋግን ጉዳይ ይዤ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። "በሥራ የመጣ ነው ብሎ የሚመሰክር ባለሙያ አለ?" አሉኝ። አለ፣ እኔ ነኝ አልኩ። "አንቺ ታግደሻል።" ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ጋሽ ጭጋግ። ምስክርነቴን እስክትጽፉት አልነሳም አልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ጻፉት።

ኅዳር 5

ከፋብሪካው ተደወለ። እሽጉ ተነስቶ ሊከፈት ነው። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ክስ ተመሥርቶበት ወጥቷል፤ "አቅራቢው አታለለኝ" እያለ ነው አሉ። ያው የሚጠበቅ። አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ተመለሺ አለችኝ።

"በሦስት ነገር" አልኳት። "ከረጢት ሳይከፈትና ሳይመረመር በወረቀት ብቻ አልፈርምም። ማደባለቂያ ክፍል ውስጥ ብናኝ የሚመጥ ማሽን ይተከላል፣ አየሩም እንደ ዱቄቱ ይለካል። ጋሽ ጭጋግ እስኪድን ደመወዙ አይቆምም።"

"መሀለኛው ጊዜ ይፈልጋል።"

"እንግዲያው እኔም ጊዜ አለኝ።"

ዘጋሁት። ምን አድርጌ ነው? ሥራ የለኝም እኮ!

ኅዳር 11

መልሳ ደወለች። እሺ አለች።

ኅዳር 24

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሥራ ከጀመርኩ አንድ ሳምንቴ። የምግቡ ማላቀቂያ ገብቷል፣ ሃያ ከረጢት፤ ሃያውንም ከፈትኩ። ብናኝ የሚመጠው ማሽን ከቀጠሮው ዘግይቶ ትናንት ተተከለ፤ እስኪተከል ማደባለቂያውን አላስነሳሁም። አዲሷ ሥራ አስኪያጅ በየቀኑ ትነጫነጫለች። ትነጫነጭ። ጋሽ ጭጋግ ወደ ከረጢቱ አይመለስም፤ ሐኪሙ ከልክሎታል። ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ይቆማል። እሱን ሳስብ አሁንም ጥርሴን አፋጫለሁ፤ የሚያልፍልኝም አይመስለኝም።

ከሰዓት ታናሼ ቤት ሄድኩ። ደሟ አሁንም ዝቅ ብሏል፤ ሐኪሟ የብረት እንክብል አዛላታለች፣ የእኛ ያልሆነ፣ የሌላ ድርጅት። ጠርሙሱን ይዛ ስታነብ ደረስኩ።

"ይሄም ውስጥ ማላቀቂያ አለ።"

"አለ።"

"ይጎዳል?"

ድሮ ቢሆን አፌ ቀድሞኝ መልሶላት ነበር።

"የምግቡ ዓይነት ከሆነ፣ መጠኑም ከተጠበቀ አይጎዳም። የዚህን ግን እኔ አላየሁትም።"

"ታዲያ ማን አይቶታል?"

"የሠሩት ሰዎች ወረቀት ሊኖራቸው ይገባል። ደግሞ ወረቀት ብቻ አትበያቸው። ማን እንደመረመረው፣ መቼ እንደመረመረው ጠይቂያቸው።"

ጠርሙሱን አገላበጠች፣ ከታች ያለውን ስልክ ቁጥር አገኘች፣ ደወለች። ሕፃኗ ጭኗ ላይ ተኝታለች። አንዱ አነሳና ለሌላ ሰጣት። ሌላው ለሌላ። ታናሼ ጉንጯ ቀላ። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። እዚያ ማዶ ያለው ሰውዬ የሆነ ነገር ሲል ይሰማኛል፣ "ሰኞ ቢደውሉ" ምናምን።

"አልደውልም" አለችው። "አሁን ነው የምፈልገው። የሚያውቀውን ሰው ጥራልኝ። እጠብቃለሁ። ልጄ ተኝታለች፣ ጊዜ አለኝ።"